ስድስት ቀይ ካርድ፦ የአርሰናል ተጫዋቾች የ2024/25 ብቃትና የሜዳ ላይ ሥነ ሥርዓት

አርሰናል የ2024/25ን ፕሪሚየር ሊግ በ74 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል፤ ሊቨርፑል በ84 ነጥብ ዋንጫውን ወስዷል። መድፈኞቹ (አርሰናል) የተቆጠረባቸው 34 ጎል ብቻ ነው፣ በሊጉ ከሁሉም ያነሰ። አቻ የወጡት ግን 14 ጊዜ ነው። ሳካ፣ ጄሱስና ሃቨርትዝ ተከታትለው መጎዳታቸው ትልቅ ጉዳት ነበር፤ ይህን የሚክድ ደጋፊ የለም። ጉዳት ግን በተጫዋች እጅ አይደለም። ካርድ ነው በእጁ ያለው፣ እኔም ከብቃታቸው ጋር በዚያ እመዝናቸዋለሁ።

ከዴክላን ራይስ እንጀምር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኤምሬትስ ላይ አርሰናል ብራይተንን 1 ለ 0 እየመራ ነበር። በ49ኛው ደቂቃ ቢጫ የነበረበት ራይስ፣ ለብራይተን የተሰጠውን ቅጣት ምት ቬልትማን ሊመታ ሲል ኳሷን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረጋት። ቬልትማን እግሩን መታው፣ እኛም ቬልትማን ላይ ጮኽን። ደንቡ ግን የኳሷን ርቀት አይለካም፤ ጨዋታው እንዳይቀጥል ማዘግየት ቢጫ ነው፤ ለራይስም ሁለተኛው ስለሆነ በቀይ ወጣ። ከ9 ደቂቃ በኋላ የብራይተኑ ጆዋ ፔድሮ አገባ፣ ሁለት ነጥብ ሄደ።

የሚያናድደው ይህ ትምህርት አንድ ወር እንኳ አለመቆየቱ ነው። ኢትሃድ ላይ ሲቲን 2 ለ 1 እየመራን፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ቢጫ የነበረበት ትሮሳርድ በርናርዶ ሲልቫን ገፋና ኳሷን ለግቶ አራቃት። ሁለተኛው አጋማሽ በሙሉ በ10 ሰው መከላከል ሆነ፤ ስቶንስ በ98ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ያን ቀን ተከላካዮቹ ያሳዩት ተጋድሎ የሚደነቅ ነው። ቢጫ ያለበት ተጫዋች ፊሽካ ሲሰማ ኳሷን ባለችበት ትቶ፣ ፊቱን ወደ ራሱ ጎል አዙሮ ቦታውን መያዝ አለበት። ይህ በልምምድ ሜዳ የሚደገም ሥራ ነው፤ አሰልጣኙ አርቴታ ለማዕዘን ምት የሚሰጠውን ጊዜ ሩቡን ቢሰጠው ይበቃል።

የተከላካዩ ሳሊባ ከዚህ ይለያል። ጥቅምት ላይ በርንማውዝ ሜዳ፣ በ30ኛው ደቂቃ ትሮሳርድ ወደ ኋላ የሰደዳት ኳስ አጠረች፣ ሳሊባም ኢቫኒልሰንን ጎትቶ ጣለው። ዳኛው መጀመሪያ ቢጫ ነበር የሰጡት፤ ቫር (የቪዲዮ ረዳት ዳኛ) ጠርቷቸው ወደ ቀይ ቀየሩት። ግልጽ የጎል ዕድል ማበላሸት በአራት ነገር ይመዘናል፦ ከጎሉ ያለው ርቀት፣ የጨዋታው አቅጣጫ፣ አጥቂው ኳሷን የመቆጣጠር ዕድሉ፣ የተከላካዮች ብዛትና ቦታ። ቤን ኋይት ይደርስ ነበር ብለው የተከራከሩ አሉ፣ ርቀቱም ረጅም ነበር። እኔ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ኢቫኒልሰን በቀጥታ ወደ ጎል ነበር የሚሄደው።

ታዲያ ሳሊባ ምን ማድረግ ነበረበት? እጁን ለቆ ጎን ለጎን እየሮጠ አጥቂውን ወደ መስመር ማስፋት። ግብ ጠባቂው ራያ ወጥቶ ማዕዘኑን የሚያጠብበት ጊዜ ነበረው። ቢገባ እንኳ 1 ለ 0፣ በ11 ሰው፣ ከ60 ደቂቃ ጋር። እሱ የመረጠው 60 ደቂቃ በ10 ሰው፣ 2 ለ 0 ሽንፈትና ከሊቨርፑል ጋር በነበረው ቀጣይ የሊግ ጨዋታ አለመኖር ነበር። የሪያል ማድሪድ ሜዳ በርናባው ላይም ኳሷን ሲያዘገይ ቪኒሲየስ ነጥቆት አገባ። ሳሊባ ሲረጋጋ ድንቅ ነው፣ ከልክ በላይ ሲረጋጋ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከ10 ለእሱ 7።

ራይስ በበኩሉ ከነሐሴው ስህተት በኋላ ዓመቱን ሙሉ ክሶናል። ሪያል ማድሪድ ላይ በ58ኛውና በ70ኛው ደቂቃ ያስቆጠራቸው ሁለት ቀጥታ ቅጣት ምቶች ለዓመታት ይወራሉ፤ የመጀመሪያዋ በግድግዳው ጎን ታጥፋ፣ ሁለተኛዋ ከላይኛው ጥግ። 9 ይገባዋል።

ማይልስ ሌዊስ-ስኬሊ በዚያ የውድድር ዓመት ገና 18 ዓመቱ ነበር። ዎልቭስ ላይ ያየው ቀይ በይግባኝ ተሰርዟል፣ መሰረዝም ነበረበት፦ ጥፋቱ ከቢጫ የሚያልፍ አልነበረም። በወሩ ዌስትሃም ላይ ኩዱስን የጣለበት ግን ምንም ክርክር የለውም። ኳሷን ዘግይቶ ተቆጣጠራት፣ ሲያመልጠው ጎተተ። በግራ እግሩ ተጨቁኖ የሚወጣበት ችሎታ ብርቅ ነው፤ የመጨረሻ ሰው ሲሆን ግን ኳሷን ቶሎ መልቀቅ አለበት። ሲቲን 5 ለ 1 ስናሸንፍ የሃላንድን አቀማመጥ አስመስሎ መደሰቱን የነቀፉት አሉ። ካርድ አላስመዘዘም፣ ማንንም አልነካም፣ እኔ አልነቅፈውም። 7.5።

ሜሪኖ ያለቦታው አጥቂ ሆኖ ሌስተር ላይ ሁለት ጎል አስቆጥሯል፣ ማድሪድንም አልማረም። ምሥጢሩ ሳጥን ውስጥ ዘግይቶ መድረሱና በጭንቅላት መብለጡ ነው። ግንቦት ላይ አንፊልድ ውስጥ በ70ኛው ደቂቃ አቻ አደረገን፣ በ79ኛው በሁለተኛ ቢጫ ወጣ። 8 እሰጠው ነበር፣ ለዚያ ግማሽ እቀንሳለሁ።

ዴቪድ ራያ ከሁሉም በላይ ነው። አታላንታ ላይ ፍጹም ቅጣት ምቱን መልሶ የተመለሰችውንም ኳስ ያዳነበት ሁኔታ፣ በሊጉ በ13 ጨዋታ መረቡን ሳያስደፍር የወርቅ ጓንቱን ከኖቲንግሃሙ ሴልስ ጋር መጋራቱ፤ 9.5።