ፓርከር 51 ከፍዬ 21 ይዤ ገባሁ

እጄ አሁንም ሰማያዊ ነው። ትናንት ማታ በሳሙና ፈተግኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ አልለቀቀም። ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበለኝ ጣቶቼን አየና «ፋዘር፣ ምርጫ ነበር እንዴ?» አለኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደ ይሉኝታ ይይዘኝና «ተወው፣ እግዜር ይክፈለው» ብዬ አልፈዋለሁ።

ነገሩ የብዕር ነው። የእስክሪብቶ አይደለም፤ ቀለም እየጠጣ የሚጽፈው፣ የድሮው። ለዕለት ሥራ የሚሆነኝ አንድ ደህና ብዕር ፈልጌ ነበር። ቃለ ጉባኤ የምይዝበት፣ ደብዳቤ የምፈርምበት፣ የአስቤዛ ዝርዝር ሳይቀር የምጽፍበት። እስካሁን የምሠራው በቻይናው ጂንሃዎ ነበር። አልከዳኝም፣ ግን ኒቡ (የሚጽፈው የብረት ጫፍ) ወፍራም ነው። በፈረንጅ ፊደል ለሚጽፍ ወፍራም ኒብ ያምራል። በእኛ ፊደል ጉድ ነው። የ«መ»ና የ«ወ» ዓይን ይደፈናል፣ «ጠ»ና «ጨ» መንታ ይሆናሉ። ለዚህ ነው አዲስ ብዕር ስሞክር ሁልጊዜ ሁለት ቃል የምጽፈው፦ «ጠጠር» እና «ጨጨብሳ»። ሁለቱ ተለይተው ከተነበቡ ብዕሩ ለአማርኛ ይሆናል ማለት ነው።

ፓርከር 51 የሚባለው ብዕር ደግሞ ከድሮም ልቤ ውስጥ ነበር። ኒቡ ከነሽፋኑ ነው፤ ጫፉ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ስለዚህ ክዳኑን ከፍታችሁ ሰብሳቢው ንግግሩን እስኪጨርስ ብትጠብቁ ቶሎ አይደርቅም። የእኛን ስብሰባ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከፒያሳ ወደ ፖስታ ቤት ስወርድ ነው ያየሁት። የሱቁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። መስታወት ባንኮኒ፣ የቆሙ የእጅ ሰዓቶች፣ የጃንሆይ ሳንቲሞች፣ የማይለኮሱ ላይተሮች። እዚያ ቤት የማንኛውም ዕቃ ባለቤት የሞተ ጄኔራል ነው። ጄኔራል ካልሆነ የጃንሆይ ሚኒስትር ነው። «ልጆቻቸው ከአሜሪካ መጥተው ቤቱን ሲሸጡ ነው ያገኘነው፣ ጋሼ» ይላችኋል። የእኔም ብዕር እንደዚያው ከጄኔራል ኪስ ነበር የወጣው። አላመንኩም። ግን ውሸቱ ብዕሩን አይነካውም ብዬ ዝም አልኩ።

ልጁ ወጣት ነው፣ ሠላሳ ቢሞላው ነው። አፉ ማር ነው። «ጋሼ፣ ይሄንን ለሁሉም ሰው አላወጣውም። የሚያውቅ ሰው መሆንዎን ከአያያዝዎ አየሁት።» እኔ ደግሞ የሚያውቅ ሰው መባል እወዳለሁ። የገባሁት እዚያ ጋ ይመስለኛል።

ሌንስ ራሱ አቀበለኝ። መነጽሬን ቤት ረስቼ ስለነበር ተቀበልኩት። ክዳኑ ላይ ፓርከር 51 ይላል፣ ሜድ ኢን ዩ ኤስ ኤ ይላል። ቀፎውን ፈትቼ ውስጡን አየሁ። ቀለም መሳቢያው እንደሚገባው ዙሪያውን በብረት ቱቦ ተሸፍኗል፤ መጫኛው ብቻ በአንድ በኩል ብቅ ብሏል። ከ1948 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት እንዲህ ናቸው። ቀለም አመጣልኝ፣ ሞላሁት። ከባንኮኒው ላይ ብጣሽ ወረቀት ወስጄ «ጠጠር፣ ጨጨብሳ» ብዬ ጻፍኩ። ወገኖቼ፣ ቅቤ ነው። ወረቀቱን ሳይነካው የሚያልፍ ይመስላል። «ጨ» ከነጭራዋ ቁጭ አለች።

14 ሺህ ብሎ ጀመረ፣ 9 ሺህ 500 ላይ ተስማማን። «በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንት ቫት ይጨመራል፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» አለ። እኔም ወደ 1 ሺህ 400 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ገንዘቡን በሞባይል ወደ ሰጠኝ ቁጥር ላክሁ። የሴት ስም ነው የመጣው። «እህቴ ናት» አለ። እሺ አልኩ። ለሁሉም ነገር እሺ አልኩ።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን።

ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። በቀኝ እጄ፣ በሦስት ጣቴ። ልጁ እጁን ዘረጋና «ያምጡት ጋሼ፣ ቀለሙን ላጥብልዎት። እንዲህ ይዘውት ከሄዱ ኮትዎ ላይ ያፈስብዎታል» አለ። እንዲህ የሚያስብ ሻጭ አይቼ አላውቅም። ሰጠሁት። ጎንበስ አለ። ከባንኮኒው ስር የሃይላንድ ውሃ ሲከፈት ሰማሁ። ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። ጨርቅ ሲያራግፍ ሰማሁ። ያየሁት ግን የልጁን ጀርባና የሸሚዙን ኮሌታ ብቻ ነው። በመካከሉ ቀና ሳይል «ልጆች አሉዎት ጋሼ?» አለኝ። ሦስት አልኩት። «ይባረኩልዎት።» አሜን አልኩ! ሰውዬው በመስታወቱ ስር እያረደኝ እኔ አሜን እላለሁ።

ቀና ሲል ሳጥን ይዟል። የፓርከር ሳጥን፣ የድሮ፣ ውስጡ ከፋይ የለበሰ። ብዕሩ ተኝቶበታል። ጥቁር ቀፎ፣ ብርማ ክዳን። ግማሽ ሰከንድ አሳየኝና ከደነው። በላስቲክ ሁለት ዙር አሰረው። ላስቲኩን ሲያስር ልቡን ማየት ነበረብኝ፤ እንዳልከፍተው እኮ ነው። ከዚያ በላይ ምራቂ ብሎ ግማሽ ጠርሙስ ቀለም ጨመረልኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? ስላጠበልኝ አመሰገንኩ። አጠገቡ ቆማ ስልኳን የምትነካካው ልጅ ጨርቁን ስላቀበለች ለእሷ መቶ ብር ጉርሻ ሰጠሁ። ለማጭበርበሪያው ጨርቅ ጉርሻ ከፍያለሁ። ይህቺ ነገር ከ9 ሺህ 500ው በላይ ታቃጥለኛለች።

በነጋታው ቢሮ ከፈትኩት። የራሴን ቀለም ልሞላ ቀፎውን ስፈታ ውስጡ ሌላ ነው። ቱቦ የለም። ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነ ቀጭን ብረት ነው፤ የላስቲክ ከረጢቱ ራቁቱን ይታያል። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ግን ሰው የከፈለበትን ነገር ማመን ይፈልጋል። «ይሄም ዓይነት ሊኖር ይችላል» ብዬ ራሴን ሸነገልኩና ሞላሁት። ስጽፍ ወረቀቱን ይቧጭራል። ድመት በር ላይ እንደምትቧጭረው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጣቶቼ ረጠቡ። መነጽሬን አድርጌ ሳየው የኒቡ ሽፋን ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች፤ ቀለሙ በእሷ በኩል እየወጣ ነው። ክዳኑን አነሳሁ። ፓርከር 21።

ለማታውቁት፦ 21 የ51 ደሀ ዘመድ ነው። ያው የፓርከር ፋብሪካ ልጅ ነው፣ መልኩም ቁርጥ እሱን ነው። ግን የ51 ኒብ በአብዛኛው ወርቅ ነው፣ የ21 ወርቅ አይደለም። የ21 ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ ዕድሜ ሲጫነው ይሰነጠቃል። 51 በ1941 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋጋው 12 ዶላር ከ50 ነበር፤ 21 ከሰባት ዓመት በኋላ በ5 ዶላር ነው የወጣው። የልጁ ብልሃት ይሄ ነው። የቻይና ቅጂ ቢሰጠኝ ኖሮ ሐሰተኛ ነው ብዬ እጮህ ነበር። እሱ ግን እውነተኛ ፓርከር ነው የሰጠኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ እየበረርኩ ሄድኩ። ልጁ አለ። ልጅቷም አለች። ብዕሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይሄ እኔ የሞከርኩት አይደለም።»

አላነሳውም። አየት አደረገው። «ፓርከር አይደል የፈለጉት? ይኸው ፓርከር።»

«51 ነው የገዛሁት። ይሄ 21 ነው።»

«ታዲያ ለ30 ቁጥር ነው እንዲህ የሚሆኑት?»

ልጅቷ ፍርፍር ብላ ሳቀች። መቶ ብር የሰጠኋት ልጅ። ሙድ ያዙብኝ፣ በግላጭ። ድምፄ ከፍ አለ። ደንበኛ ገባ። ያኔ ልጁ ተለወጠ። ትናንት «ጋሼ» እና «እርስዎ» ነበርኩ። አሁን «ሰውዬ» ሆንኩ።

«ሰውዬ፣ ደረሰኝ አለህ?»

የለኝም። እሱም ያውቃል። እንዳይኖረኝ ያደረገው እሱ ነው፣ የተስማማሁት እኔ ነኝ። ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል፣ በቀይ ማርከር። «አንብብ፣ መነጽርህን ካመጣህ።»

አዋጅ አለ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ግድግዳ ላይ በማርከር የተጻፈ ነገር አዋጅ አይሽርም። ግን እኔ ምን ይዤ ልሂድ? የገዛሁት ከማን ነው? በወረቀት ላይ የማላውቃትን ሴት 9 ሺህ 500 ብር ረድቻታለሁ፣ ሌላ ነገር የለም።

ምራቂው ቀለምስ? ጠርሙሱ የፓርከር ኩዊንክ ነው፤ የብዕር ቀለም። ውስጡ ያለው የቻይና ቀለም ነው፤ ለሥዕል የሚሆነው። በስንጥር ነክቼ ወረቀት ላይ አደረቅሁት፤ እንደ ቫርኒሽ ያብለጨልጫል፣ በውሃ አይነሳም። ያ ቀለም ሙጫ አለው፣ ብዕር ውስጥ ከደረቀ ብዕሩ አበቃለት። ሻጩ ራሱ በውሃ ሲያጥብ የሰማሁት ቀለም ይሄ ሊሆን አይችልም። ለመሞከሪያ ደህናውን፣ ለቤቴ መርዙን።

እንግዲህ የምላችሁ አጭር ነው። የሞከራችሁትን ብዕር ከእጃችሁ አታውጡ። ቀለም ቢኖረውም በሶፍት ጠቅልላችሁ፣ እርጥቡን፣ ይዛችሁ ውጡ። ሊታጠብ ካለበት ቤታችሁ ውሃ አለ። ደረሰኝ ይቆረጥ፣ 15 ፐርሰንቱን ክፈሉ። በጠርሙስ የተከፈተ ቀለም በነፃም ቢሆን አትቀበሉ። እና እባካችሁ መነጽራችሁን አትርሱ።

የሞከርኩባት ብጣሽ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበረች። ጠረጴዛዬ ላይ ከ21ዱ ጽሑፍ ጎን አስቀምጫታለሁ። በአንደኛው «ጠጠር፣ ጨጨብሳ» ይላል። በሌላኛው ምን እንደሚል እኔም የጻፍኩት አላነብበውም።

21ዱን የሚጠግን ባለሙያ የምታውቁ ጻፉልኝ። ሳጥኑን የሚፈልግም ካለ እሸጣለሁ። ሳጥኑ ኦሪጅናል ነው።