የአንጎል ሞገድ የሚለካው የግንባር ማሰሪያ፦ ከሦስት ወር አጠቃቀም በኋላ

የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ቤት ውስጥ ይለካል የተባለለትን የግንባር ማሰሪያ ዘመዴ ከአሜሪካ አምጥቶልኝ፣ ኮዬ ፈጬ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤቴ ሦስት ወር ተጠቅሜበታለሁ። ሁለት ኤሌክትሮዶች (የኤሌክትሪክ ምልክት ከቆዳ ላይ የሚቀበሉ ንክኪዎች) ግንባር ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ ከጆሮ ጀርባ ያርፋሉ፤ ንባቡም በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይተላለፋል።

መሥራቱን ለማረጋገጥ ቀላሉ ዘዴ ዓይንን መጨፈን ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በ1929 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚርገበገበው የአልፋ ሞገድ፣ ዓይን ሲጨፈን ይጎላል፤ በእኔም ላይ ጎልቶ ታይቷል። ይሁን እንጂ ይህ ሞገድ ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በኋላኛው የራስ ክፍል ሲሆን፣ ማሰሪያው እዚያ አንድም ኤሌክትሮድ የለውም። ሐኪም ቤት በሚደረገው ምርመራ ግን 19 እና ከዚያ በላይ ኤሌክትሮዶች መላውን ራስ ስለሚያዳርሱ፣ የሚጥል በሽታን የመሰለ ነገር በዚህ ዕቃ ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ቆሎ እየቆረጠምኩ ስለካ የመንጋጋ ጡንቻዬ ሞገዱን ሁሉ ዋጠው። ከዚህ የባሰው ግን የመብራቱ ጣልቃ ገብነት ነበር፦ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ)፣ የአሜሪካው ደግሞ 60 ኸርዝ በመሆኑ፣ ይህን ጣልቃ ገብነት የሚያስወግደውን ማጣሪያ ቅንብር ወደ እኛው እስክቀይር ድረስ ኤሌክትሪክ ምጣዱ በተጣደ ቁጥር መስመሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሠፈራችን መብራት በጠፋበት ምሽት ያየሁት ንባብ ከሁሉ የጠራው ነው፤ ለመብራት መጥፋት ያመሰገንኩት ያን ዕለት ብቻ ነው።

መተግበሪያው የሚሰጠው «የእርጋታ» ነጥብ ከቀን ወደ ቀን ስለሚዋዥቅ እምነት አልጣልኩበትም።

ጎረቤቴ፣ አንዲት እናት፣ ማሰሪያውን አይተው «ልጄ፣ ይኼ የራስ ምታቴን ምክንያት ይነግረኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። እንደማይነግራቸው ገልጬ፣ በጣም ርካሽ በሆነው የክንድ ደም ግፊት መለኪያዬ ብለካቸው 168 በ98 ሆነ። ቤት ውስጥ ሲለካ 135 በ85 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ግፊት ስለሚባል፣ ለስትሮክ ደግሞ ዋነኛው አጋላጭ ይኸው ስለሆነ፣ በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። አሁን ጠዋት ጠዋት አምስት ደቂቃ ዐርፈው፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ይለካሉ። ማሰሪያውን የሚጠቀምበት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ነው።