ለወንድሜ ኮች ምስጋና፣ ኮች ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መሰብሰብና ነገሮችን በሥርዓት መያዝ የሚያስቸግር የጤና ሁኔታ) ያለበት ሰው ካለ ይህን አንብቡልኝ። ታናሽ ወንድሜን ሥራውንና ጊዜውን እንዲያደራጅ የሚያግዙትን ኮች በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስማቸው እዚህ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አልጽፍም።

ወንድሜ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቀን ሞንጎመሪ ኮሌጅ ይማራል። ነርስ መሆን ነው የሚፈልገው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን ቀልቡ አይሰበሰብለትም። የስልክ ክፍያ ቀኑ ያልፍበታል። አምሽቶ የሠራውን የቤት ሥራ ማስገባት ይረሳል። ቤተሰብ ውስጥ "ዝርክርኩ" የሚል ስም ወጥቶለት ቀርቷል። ሐኪም ኤዲኤችዲ መሆኑን የነገረው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። ችግሩ ግን በልጅነት የሚጀምር ነው፤ ሐኪሞችም አዋቂን ሲመረምሩ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ይታዩ እንደነበር ይጠይቃሉ። እናታችን ስትጠየቅ ሁሉንም አንድ በአንድ ዘረዘረችው። ያኔ ግን ማን ይመረምረዋል? ቁጣና ኩርኩም ነበር መድኃኒቱ።

እዚህ መድኃኒት ታዘዘለት፣ ረዳውም። ነገር ግን መድኃኒት ቁጭ ብሎ ለመሥራት ያግዛል እንጂ ከየትኛው ሥራ እንደሚጀመር አይነግርም። ሐኪሙ "ኮችም ፈልግ" ያለው ለዚህ ነው።

ፍለጋው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እዚህ ሜሪላንድ ፀጉር ለመቁረጥ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ኮች ለመባል ግን ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ዛሬ የተነሳ ሰው ካርድ አሳትሞ "የኤዲኤችዲ ኮች ነኝ" ማለት ይችላል። መጀመሪያ ያነጋገርነው ሰው የስድስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ጠየቀን። "ከኔ ጋር ከሠራ መድኃኒቱንም ይተዋል" ብሎ ቃል ገባ። እንዲህ የሚላችሁ ካለ ስልኩን ዝጉት። ኮች በሽታ አይመረምርም፣ መድኃኒት አያዝም፣ የታዘዘውንም አያስቆምም።

የት እንደሠለጠኑ ሳታፍሩ ጠይቁ። ኢንተርናሽናል ኮቺንግ ፌዴሬሽን የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ደረጃ አለው። ለመጀመሪያው ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት የተግባር ሥራ ይፈልጋል፤ ለሁለተኛው 125 ሰዓት ሥልጠናና 500 ሰዓት ሥራ። ይህ ግን ስለ ኮችነት በጠቅላላው ነው። ስለ ኤዲኤችዲ ለብቻው ምን እንደተማሩ መጠየቅ አለባችሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው ቻድ (CHADD) የሚባለው የኤዲኤችዲ ድርጅትና የኤዲኤችዲ ኮቾች ማኅበር ድረ ገጻቸው ላይ የባለሙያዎች ዝርዝር አላቸው። ከዚያ ጀምሩ፤ ስም ዝርዝር ውስጥ መገኘቱ ብቻ ግን አይብቃችሁ። አነጋግሯቸው።

አሁን ወንድሜን የሚያግዙትን ሴት እንዳምናቸው ያደረገኝ አንድ መልሳቸው ነው። "ወንድሜ አንዳንዴ በጣም ይከፋዋል፤ በዚህም ይረዱታል?" አልኳቸው። "እሱ የቴራፒስት ሥራ ነው። ካስፈለገው ወደ ቴራፒስት እንዲሄድ እነግረዋለሁ እንጂ እኔ አልነካውም" አሉኝ። ሥራው የት ላይ እንደሚያበቃ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

አሠራራቸውን በቅርብ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ቀጠሮ አጀንዳ ግዛ፣ አፕ ጫን አላሉትም። "በሳምንትህ ውስጥ ፈጽሞ የማይቀሩብህ ነገሮች ምንድናቸው?" አሉት። የእሁድ ቅዳሴ፣ እማዬን ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ድንገት የሚመጣ ለቅሶ ብሎ ነገራቸው። ለቅሶ ምን ያህል ሰዓት እንደሚወስድ ሳይቀር ጠየቁት! ፕሮግራሙ የወጣው በነዚህ ዙሪያ ነው። ለለቅሶ የሚሆን ክፍት ሰዓት ያለው ፕሮግራም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለአናቶሚ ፈተና ማጥናት አልጀምር ሲለው ደግሞ "ዛሬ ማታ መጽሐፉን ምዕራፉ ላይ ከፍተህ ጠረጴዛው ላይ ተወው፤ እንዳታነብ" አሉት። ጠዋት ቡናውን ይዞ ሲቀመጥ መጽሐፉ ተከፍቶ ጠበቀው። አነበበ። አንዳንድ ቀን ደግሞ በዙም ይገናኙና ሁለቱም ካሜራቸውን ከፍተው በየፊናቸው ዝም ብለው ይሠራሉ። እሳቸው ወረቀታቸውን ያገላብጣሉ፣ እሱ ያጠናል። እማዬ ገብታ አይታ "ምነው፣ ተኳርፋችኋል እንዴ?" አለች። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ብዙ ሰዎች አጠገባቸው የሚሠራ ሰው ሲኖር ሥራ መጀመር ይቀላቸዋል። በወንድሜ በዓይኔ አየሁት።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን እምቢ ስላሉኝ ነው። ከክፍያው ግማሹን የምከፍለው እኔ ነኝ። "እንዴት እየሆነ ነው?" ብዬ ደወልኩላቸው። በትህትና "ወንድምሽን ጠይቂው። የምንነጋገረው የሱ ነው፤ ማንም ቢከፍል" አሉኝ። እኛ ዘንድ ይህ አልተለመደም። ታናሽ ሲታገዝ ቤተሰቡ በሙሉ ሪፖርት ይጠብቃል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ከዚያ ወዲህ ምንም ሳልጠይቀው ራሱ ይነግረኛል።

ስለ ገንዘቡም ልንገራችሁ። ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ለኮች አይከፍልም። አቅማችንን ስንነግራቸው ቀጠሮውን ወደ ግማሽ ሰዓት አሳጥረው፣ በመሃል በቴክስት እየተከታተሉ ዋጋውን ቀነሱልን። በቡድን የሚሰጥም አለ፤ እሱ ይረክሳል። ጠይቁ።

የመኪናው ቁልፍ አሁንም ይጠፋበታል። ጥሎት የነበረውን አናቶሚ ግን በዚህ ሴሚስተር አለፈ። የቤት ሥራውንም ኮቿ ሳያስታውሱት በሰዓቱ እያስገባ ነው።

እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለወንድሜ የዋሉለትን ውለታ ቤተሰባችን አይረሳውም።

የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እልካለሁ። የሚሠሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ አዲስ ሰው የሚቀበሉትም ቦታ ሲኖራቸው ብቻ ስለሆነ ትንሽ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። አዋቂ ከሆነ ደግሞ የሚደውለው ባለጉዳዩ ራሱ ይሁን። እናት ወይም እህት ከደወለች "እሱን አገናኚኝ" ነው የሚሏት።