ትሬስካ ወይስ ቮን ሚዝስ፦ ለወፍጮ ሻፍት የትኛው?

ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት የሚታዘዝ የወፍጮ ሻፍት (የሚሽከረከር ዘንግ) ሥራ ላይ ሲውል ይታጠፋልም፣ ይጠመዘዛልም። ትሬስካና ቮን ሚዝስ ብረቱ ይህን ጥምር ጭነት ይችል እንደሆነ የሚመዘንባቸው ሁለት መስፈርቶች ናቸው። የማጠፍ ውጥረቱ 80፣ የመጠምዘዝ ሺሩ (የሚያንሸራትተው ውጥረት) 60፣ የብረቱ ይልድ (ቅርጹ ላይመለስ መለወጥ የሚጀምርበት ውጥረት) 250 ሜጋ ፓስካል ይሁን። ትሬስካ (1864) ትልቁን ሺር ብቻ ያያል፤ ተመጣጣኝ ውጥረቱ (ሁለቱ ተጣምረው በአንድ ቁጥር) 144፣ የደህንነት መጠኑ (ይልዱ ለዚህ ሲካፈል) 1.73 ይወጣል። ቮን ሚዝስ (1913) ቅርጽ የሚለውጠውን ኢነርጂ ይለካል፦ 131 እና 1.91። ለሚለጠጥ ብረት የሙከራ ውጤት የሚቀርበው ለሚዝስ ነው። ልዩነቱ በንጹህ ጥምዘዛ 15 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የብረቱ ዓይነት በሰነድ ካልተረጋገጠ (አሮጌ ብረት ከሆነማ በተለይ) ይበልጥ ጥንቃቄ ያለው ትሬስካ ይሻላል።

ካስት አይረን ሳይለጠጥ ስለሚሰበር ለሁለቱም አይሆንም። ሻፍትም ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው የፑሊው ቁልፍ በሚገባበት ቦይ ሹል ጥግ ላይ፣ በተደጋጋሚ ጭነት ነው፤ ጥጉን ማክበብና ፋቲግን (ከተደጋጋሚ ጭነት የሚመጣ የብረት ድካም) ለብቻ ማስላት ያስፈልጋል።