ፊደል ገበታው ወይስ ጓዳው? ለአራት ዓመት ልጅ

ልጅ አራት ዓመት ሲሞላው ብዙ ወላጅ ቀድሞ የሚገዛው ፊደል ገበታ ነው። ክፋት የለውም፤ ርካሽ ነው፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ልጁም «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ ይሸመድዳል። ችግሩ 33ቱ ፊደላት ሰባት ሰባት እየሆኑ 231 መድረሳቸው ነው። በቃሉ የሚወርድ ልጅ መሃል ላይ አንዱን ጠቁማችሁ ብትጠይቁት ዝም ሊል ይችላል።

ጓዳው ሌላ ነው። ምስር ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ጠጠር አስለቅሙት። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ትንሿን ጠጠር ቆንጥረው ሲያነሱ፣ ነገ እርሳስ የሚይዙት ጡንቻዎች ይጠነክራሉ። (አፉ እንዳይከት ግን አጠገቡ ሁኑ።) ለቡና ሲኒ ሲደረድር «ስንት ሰው አለ? ስንት ሲኒ ጎደለ?» በሉት፤ መቁጠር ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ነው። የቡና ቁርስ ለአያቱ አስቀድሞ ማቅረብ፣ ተራ መጠበቅ፣ ትልልቆች ሲጫወቱ አዲስ ቃል መልቀም ገበታው ላይ የለም። ከሰሉና ጀበናው ብቻ ይራቁት።

ጓዳው ጊዜ ይፈጃል፣ ምስሩም ይደፋል። ሁለቱም ደግሞ ሩጫን አይተኩም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለ3 እና 4 ዓመት ልጆች በቀን 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፣ ከዚያ 60ው ጠንከር ያለ።

ለእኔ ጓዳው ይቀድማል። ከገበታው ለጊዜው የስሙን ፊደላት ብቻ ብታሳዩት ይበቃል።