«128 ጂቢ፣ 10,000 ዘፈን፣ ፍላክ» የሚባለውን ማጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት

ጎንደር ላላችሁ ሁሉ፣ በተለይ ለገጠር ዘመድ፣ ለአብነት ተማሪ ወይም መንገድ ለሚበዛበት ሹፌር ኤምፒስሪ ለመግዛት ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ፣ በሱቅ መስታወት ውስጥም አስፋልት ዳር በተነጠፈ ሸራ ላይም፣ መታወቂያ የምታህል ስስ ማጫወቻ እየተሸጠች ነው። ጀርባዋ ላይ «128 ጂቢ» የሚል ተለጣፊ አለ። ሻጩ ደግሞ «10,000 ዘፈን ተጭኖባታል፣ ሁሉም በፍላክ ነው» ብሎ ይጨምርበታል። ይህን ሳታነቡ ብር አትቁጠሩ።

ሥራዬ ኮምፒውተር ጥገና ስለሆነ «ተበላሸብኝ» የተባለ ዕቃ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። እነዚህን ማጫወቻዎች ስመረምራቸው የተበላሸ ነገር የለባቸውም። ሲሠሩ ጀምሮ እንዲዋሹ ተደርገው ነው የተሠሩት። አንደኛው ውሸት በመያዣው ላይ ነው፣ ሁለተኛው በድምፁ ላይ።

እስቲ ሻጩ ከሚናገረው ተነስተን እናስላ። ፍላክ የሲዲን ድምፅ ቅንጣት ሳይጥል አጥፎ የሚያስቀምጥ ፎርማት ነው። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይፈጃል፤ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 53 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ፍላክ ይህን እንደ ዘፈኑ ዓይነት ወደ 30 ሜጋባይት ግድም ያወርደዋል። 10,000 ዘፈን በ30 ሜጋባይት ሲባዛ 300 ጂቢ ነው። 128 ውስጥ በምን ተአምር ገባ? በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሆኖ የተጨመቀ ተራ የኤምፒስሪ ፋይል ቢሆን ግን አንዱ ዘፈን 5 ሜጋባይት አይሞላም፣ 10,000ውም 48 ጂቢ ገደማ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ዘፈኑ እውነት 10,000 ከሆነ ፍላክ አይደለም። ይህን ሒሳብ ሻጩ ፊት በስልካችሁ ካልኩሌተር ብትሠሩት ወሬው ቶሎ ወደ «ቅናሽ ላድርግላችሁ» ይዞራል።

ዋጋውም ራሱ ይናገራል። ትክክለኛ የ128 ጂቢ ሚሞሪ ካርድ ብቻውን ስንት እንደሚሸጥ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። ስክሪን፣ ባትሪ፣ የቻርጀር ገመድና ኢርፎን ተጨምሮበት ከካርዱ ባነሰ ዋጋ የሚሸጥ ማጫወቻ ውስጥ ያ ካርድ ሊኖር አይችልም።

ማታለያው እንዲህ ነው የሚሠራው። የማጫወቻው መያዣ (ፍላሽ) ውስጥ ፋይሉን የሚይዝ ቺፕ አለ፣ እሱን የሚቆጣጠር ሌላ ቺፕ ደግሞ አለ። ኮምፒውተሩ መጠኑን የሚጠይቀው ተቆጣጣሪውን ነው። የተቆጣጣሪው ሶፍትዌር ይቀየርና 8 ጂቢ የሆነውን 128 ነኝ ይላል፤ ኮምፒውተሩም ያምነዋል። መቅዳት ስትጀምሩ የመጀመሪያው 8 ጂቢ ያለ ችግር ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወይ የትም ሳይጻፍ ይቀራል፣ ወይ ዞሮ በመጀመሪያዎቹ ፋይሎች ላይ ይጻፋል። የፋይሉ ስም ይታያል፣ መጠኑም ልክ ነው፣ ኮምፒውተሩ ተቀድቷል ብሎ ይጨርሳል። ውስጡ ግን ባዶ ነው።

አንድ ዲያቆን ይዞልኝ የመጣው ከሁሉም አሳዝኖኛል። አቋቋም ተማሪ ነው። የየኔታውን ዝማሜና ወረብ በጓደኛው ስልክ እየቀዳ፣ ወደ ኤምፒስሪ እያስቀየረ፣ ማጫወቻው ላይ ሲያጠራቅም ከርሟል። የጓደኛው ስልክ እንዳይሞላ ደግሞ ከዚያ እየሰረዘ። ማጫወቻው ሲገዛ ጀምሮ በዘፈን ተሞልቶ ስለነበር እሱ የጨመረው ሁሉ ያረፈው በሌለው ቦታ ላይ ነው። አንዱን ፋይል ከፈትነው፤ የኔታ ጀመሩ፣ ብዙም ሳይቆይ ድምፃቸው ተቆረጠና መሀሉ ላይ የሰርግ ዘፈን ገባ። ቀጣዩ ፋይል 00:00 ይላል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። «ጋሼ፣ ማስመለስ አይቻልም?» አለኝ። የተሰረዘ ፋይል ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ጭራሽ ያልተጻፈ፣ ወይም ሌላ የተጻፈበት ግን አይመለስም።

ሻጩ ጋ አብሬው ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ትሕትናው ሙሉ። «ጋሼ፣ ቫይረስ ነው። ፎርማት ላድርግለት፣ ካልሠራ እኔ እዚሁ ነኝ» አለ። ፎርማት አደረገው፣ ጥቂት ዘፈን ጫነበት፣ ጥርት ብሎ ሠራ። ባዶ ሲሆን የመጀመሪያው 8 ጂቢ እውነተኛ ስለሆነ መሥራቱ አይቀርም። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ አመስግኖ ይሄዳል፤ እስኪሞላ ድረስም አይመለስም። ልጁን ለመከላከል ያህል፣ ራሱም ከጅምላ ሻጭ 128 ተብሎ የገዛው ሊሆን ይችላል። ይህ ግን የተበላችሁትን ብር አይመልስም፤ «ቫይረስ ነው» የሚለውንም ቃል እንደ ማስጠንቀቂያ ቁጠሩት።

ሳታምታቱ አንድ ነገር ለዩ። ትክክለኛ 128 ጂቢ ዊንዶውስ ላይ 119 አካባቢ፣ 32ቱ ደግሞ 29.8 አካባቢ ሆኖ ይታያል። ይህ የአቆጣጠር ልዩነት ነው፣ ማንም አልሰረቃችሁም። በዚህ የተነሳ ከደህና ነጋዴ ጋር የተጣሉ ሰዎች አይቻለሁ።

ለመፈተሽ ዊንዶውስ ላይ ኤችቱቴስት (H2testw)፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍስሪ (F3) የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ባዶውን ቦታ እስከ ጫፍ ይሞሉና መልሰው ያነባሉ፤ የጻፉትና ያነበቡት ካልተመሳሰለ ይናገራሉ። ችግሩ ጊዜው ነው። በሰከንድ 10 ሜጋባይት በሚጽፍ ዕቃ ላይ 128 ጂቢ መሙላት ብቻ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም ሻጩ የራሱን ይክፈት። 2 ወይም 3 ጂቢ የሆነ ፊልም ስሙን እየቀያየራችሁ ደጋግማችሁ ቅዱበት፣ 20 ጂቢ ግድም እስኪያልፍ። ከዚያ ነቅላችሁ እንደገና ሰኩት። ይህችን አትዝለሏት፤ ሳይነቀል ከሆነ ኮምፒውተሩ ከራሱ ማስታወሻ አውጥቶ ሊያሳያችሁ ይችላል። የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ፊልም ክፈቱና ወደ መሀል አሳልፋችሁ እዩ። አንዱ ካልሠራ ዕቃውን መልሱና ውጡ። ሻጩ «ማኅተሙ ይነካል» ብሎ አላስፈትሽም ካለም መልሱን ሰጥቷችኋል።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ እኔን ከመያዣው ይልቅ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የተጫነው ዘፈን መጨረሻው ላይ ፍላክ የሚል ስም ስላለው ብቻ ፍላክ አይሆንም። ኤምፒስሪ መጠኑን የሚቀንሰው ጆሮ ብዙም አይለየውም ብሎ የገመተውን ድምፅ ቆርጦ በመጣል ነው። የተጣለው ተጥሏል። ከቴሌግራም የወረደ የ128 ኪሎቢት ዘፈን ወደ 320 ወይም ወደ ፍላክ ሲቀየር የሚያድገው የፋይሉ መጠን ብቻ ነው፤ የቀጠነ ጠላ ትልቅ ጋን ውስጥ ስለተገለበጠ አይወፍርም። ዘፈን ጫኞች ይህን የሚያደርጉት በአንድ ቁልፍ ነው፤ ከዚያ «ባለ ከፍተኛ ጥራት» ብለው ከፍ ያለ ያስከፍላሉ። የድሮ የካሴት ዘፈኖች ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ካሴቱ ራሱ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የኖረ ነው፣ ከዚያ በ64 ወይም በ128 ተጨምቋል። ከዚያ ፍላክ ምን ሊያወጣ?

መለየት ለምትፈልጉ፣ ስፔክ ወይም ኦዳሲቲ በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች የዘፈኑን የድምፅ ምስል ክፈቱ። በ128 የተጨመቀ ኤምፒስሪ አብዛኛውን ጊዜ 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ከሲዲ የወጣ እውነተኛ ፍላክ ወደ 22 ኪሎኸርዝ ሊጠጋ ይችላል። ከካሴት የተቀዳ ግን ላይኛው ድምፅ ድሮም ስለሌለው ቀስ እያለ ነው የሚሳሳው፤ ስለዚህ ዋናው ምልክት ማነሱ ሳይሆን ቀጥ ብሎ መቆረጡ ነው።

ኮምፒውተር ከሌላችሁ ጆሮም ይበቃል፣ ግን ትክክለኛውን ድምፅ ስጡት። እዚህ አገር እንደ ጸናጽል የሚያጋልጥ የለም። ክብረ በዓል ላይ የተቀዳ ወረብ አስከፍቱና ጸናጽሉን ስሙ። በደህና ከተጨመቀ እያንዳንዷ ቅንጥብጣቢ ብረት ለየብቻ ትሰማለች። ክፉኛ ከተጨመቀ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሽሽሽ የሚል ድብልቅልቅ ይሆናል፤ ጭብጨባውም ስለቱን ያጣል። ከበሮና የሰው ድምፅ ብዙ ነገር ይደብቃሉ፣ ጸናጽል አይደብቅም።

ታዲያ የቱን ፎርማት? እኔ ብጠየቅ ለማዳመጫ ከ192 እስከ 256 ኪሎቢት የሆነ፣ ከጥሩ ምንጭ አንድ ጊዜ ብቻ የተጨመቀ ኤምፒስሪ ይበቃል። የማይከፍተው ማጫወቻ የለም ማለት ይቻላል። በሚኒባስ ውስጥ ወይም በርካሽ ኢርፎን በፍላክና በእሱ መሀል ልዩነት ሰማሁ የሚለኝን ሰው አላምነውም። በብሉቱዝ የምታዳምጡ ከሆነማ ድምፁ መንገድ ላይ እንደገና ይጨመቃል። ፍላክ ጥሩ የሚሆነው ለማስቀመጫ ነው፤ የቤተሰብ ካሴት ወይም የአባቶች ዜማ በራሳችሁ ስትቀዱ ዋናውን በፍላክ አስቀምጡ፣ ለማጫወቻው ኤምፒስሪ አውጡለት። ኤምፎርኤ የሚባለው ፎርማት በተመሳሳይ መጠን ከኤምፒስሪ ትንሽ ይሻላል፤ ርካሾቹ ማጫወቻዎች ግን ብዙዎቹ አያነቡትም። በቴሌግራም የሚላክ የድምፅ መልእክት ደግሞ ኦፐስ የሚባል ፎርማት ነው፣ የፋይሉ ስም መጨረሻ ኦጂጂ ይላል፤ እነሱ ላይ ጭራሽ አይከፈትምና ሳትቀይሩ አትጫኑ።

መቅጃ አለው ስትባሉም ቅዱበትና ፋይሉን በኮምፒውተር ክፈቱት። ብዙዎቹ የቻይና ርካሽ ማጫወቻዎች የሚቀዱት ኤሲቲ በሚባል ፎርማት ነው፤ በሰከንድ 8 ኪሎቢት ብቻ፣ ድምፁ እንደ ድሮ ስልክ የታፈነ፣ ሌላ ዕቃ ላይም እንዲሁ በዋዛ የማይከፈት። ለንግግር ይሁን፤ ለዜማ ግን አይረባም። የግእዝ ፊደል ማሳየቱንም ተመልከቱ፤ ፊደሉ ውስጡ ከሌለ የዘፈኑ ስም በሙሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይደረደራል። ከ001 ጀምሮ ቁጥር ሰጥቶ በወረቀት መያዝ ይቻላል፣ ለእናት የምትገዙ ከሆነ ግን አታስቸግሯቸው።

«አዲስ አይፖድ» ስለሚባለው፣ አፕል የመጨረሻውን አይፖድ ማቋረጡን ያሳወቀው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አዲስ ተብሎ የሚሸጥላችሁ ወይ ባትሪው የደከመ የመጋዘን ዕቃ ነው፣ ወይ አስመስለው የሠሩት።

ከተለጣፊው ይልቅ ካርድ የሚቀበል ማጫወቻ ምረጡ፤ ካርዱን ለብቻው ከምታምኑት ቦታ ግዙና ፈትሹ። 32 ጂቢ ይበቃል፤ በ192 ኪሎቢት ከ4,000 በላይ ዘፈን ይይዛል። ከዚያ በላይ የሆነ ካርድ ብዙውን ጊዜ ኤክስፋት በሚባል አሠራር ስለሚመጣ ርካሽ ማጫወቻ አያነበውም።

ደረሰኝ ተቀበሉ፣ «128 ጂቢ» የሚለው በጽሑፍ ይስፈርበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ንግድ ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ የሚጠየቀው ግን ወረቀቱ ነው። ሸራ ላይ የተገዛ ወረቀት የለውም።

ገዝታችሁ ከሆነ ከአሁን ጀምሮ አዲስ ነገር አትጫኑበት፤ እያንዳንዱ አዲስ ፋይል የቀረውንም ሊያጠፋው ይችላል። የሚከፈቱትን ወደ ኮምፒውተር አውጡ፣ ከዚያ በኤችቱቴስት ትክክለኛ መጠኑን እወቁ። 8 ካለ ከ8 ሳታሳልፉ ተጠቀሙበት፣ ያችን ተለጣፊም ላጧት።