ላሞቼን ከመሲናነት ስም ያወጣልኝ ሐኪም

በደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ለሚሠራ አንድ የእንስሳት ሐኪም በአደባባይ ምስጋና ማቅረብ እፈልጋለሁ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ትቼዋለሁ፤ በሰፈሩ የወተት ላም ያለውን ሁሉ ብትጠይቁ ግን አታጡትም።

ሦስት ላሞቼ በየ21 ቀኑ ኮርማ እየፈለጉ፣ ኮርማዬም እያጠቃቸው፣ ሰባት ወር ሙሉ አንዷም አልያዘችም። «መሲና ናቸው፣ ሽጣቸው» ያላለኝ የለም። ለሥጋ ዋጋ እስከ መነጋገር ደርሼ ነበር። ኮርማውንማ ማን ይጠርጥር! የሁለት ዓመት ተኩል ወይፈን፣ ቁመናው የሚያምር፣ ላም ካየ የማይመለስ።

ሐኪሙ ላሞቹን መርምሮ ጤነኞች መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ «እስቲ ኮርማውን አምጡት» አለ። በረቱ ውስጥ በርከክ ብሎ ቆለጦቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ ከኪሱ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥቶ ከረጢቱን ዙሪያውን ለካ። 26 ሴንቲ ሜትር። በዚህ ዕድሜ 34 ገደማ ይጠበቃል አለኝ። ዘሩም እንደ ወተት መወፈር ሲገባው እንደ አጓት ቀጥኗል። በማይክሮስኮፕ እኔንም አሳየኝ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አላየሁም።

ያም ሆኖ አልፈረደበትም። ትኩሳት ወይም ጉዳት አድክሞት ከሆነ ሊያገግም ይችላል፣ አዲስ ዘር ለመሥራት ሁለት ወር ያህል ይፈጃል ብሎ ቀጠረኝ። በሁለት ወሩ ሳልጠራው መጣ። ለውጥ የለም። ቆለጦቹ ከጥንስሱ ሳያድጉ የቀሩ ናቸው፤ መድኃኒት የለውም፣ ጉድለቱም በዘር ሊወረስ ይችላል። የወንድነት ሆርሞኑ ስላልጎደለ ፍላጎቱ እንዳለ ነው፤ ሁላችንንም ያሳሳተን ይኸው ነው። በከንቱ መርፌ ወግቶ ገንዘቤን መቀበል ይችል ነበር፤ አላደረገውም።

«ለኮርማነት ለማንም እንዳትሸጠው» ሲለኝ ድምፁ ጠንከር አለ። እሱው አኮላሽቶልኝ አሁን ሰንጋ ሆኖ እየደለበ ነው። በዚያው ቀን የጎረቤቴን በግ አይቶ አንዱ የቆለጥ ፍሬ ሆዱ ውስጥ መቅረቱን ነገረው። የሰውነት ሙቀት ዘር ስለማያሠራ የሚሠራው የወረደው ፍሬ ብቻ ነው፤ ግልገል ቢያስወልድም ጉድለቱን ለልጆቹ ሊያወርስ ስለሚችል ከመንጋው እንዲለየው መከረው።

ላሞቹን በሰው ሠራሽ ዘዴ አስዳቅዬ ሁለቱ ይዘዋል፤ ሦስተኛዋን እየጠበቅን ነው። ኮርማ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት በዚህ ሰው አስመርምሩት። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንገሩ የደረሰ ዕለት ቤቴ እጠብቅሃለሁ።